ቆጣሪ ሰላም አይባልም

«አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት...»

ሚጣ ጀርባዋን ካርቶን ላይ ዘርግታ፣ ግማሽ አካሏን ከአሮጌዋ ሰማያዊ መኪና ሥር አስገብታ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፣ በቁመትም አክስቷን በልጣለች፤ አክስቷ ጋራዥ ውስጥ ግን ያው ሚጣ ናት፣ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ የለም። በእጇ የያዘቻት ብረት ቴስቲና ትባላለች። ከመሪው የሚመጣውን ዘንግ ከፊት ጎማ ጋር የምታያይዘው እሷ ናት። ከጡጫ አትበልጥም፤ ካለቀች ግን ሹፌሩ በራሱ መንገድ፣ ጎማው በራሱ መንገድ ይሄዳሉ። ይህችኛዋ ተበልታ አልቃለች። አሮጌዋን ከዘንጉ ጫፍ አዙሮ መፍታት፣ አዲሷን አዙሮ መግጠም ነው ሥራው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣጣው ቁጥሩ ላይ ነው። አሮጌዋ በስንት ዙር እንደወጣች አዲሷም በዚያው ልክ መግባት አለባት፤ አንድ ሁለት ዙር ከተዛነፈ ጎማው ያፈነግጣል። ስለዚህ በጋራዡ ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ አለ። ቴስቲና የሚፈታ ሰው አይጠራም፣ አይቀለድበትም፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ጨርሶ እስኪወጣ ይጠበቃል። «ቆጣሪ ሰላም አይባልም» ትላለች አክስቷ። ሕጉን የጣሰ ግቢውን በውኃና በሳሙና ያጥባል። የአክስቷ ልጅ ቀጮ ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ አጥቧል፤ ግቢው እንደዚያ ወር ጸድቶ አያውቅም።

«አሥራ ሦስት...»

«እንደምን አደርሽ ልጄ?»

ሚጣ አንገቷን ዘወር ስታደርግ በደንብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አየች። የመኪናዋ ባለቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ። እሳቸው የጋራዡን ሕግ ከየት ያውቁታል? አሁን ምን ይደረጋል? በዕድሜ ከአያቷ አይተናነሱም። ሰላም ሲሏት ዝም ብላ ብረት ብታዞር፣ ምን ያለችው ባለጌ ናት መባል አይቀርም።

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፣ እንደምን አደሩ?»

«ይመስገን። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው።»

«ትምህርትስ? ትበረቻለሽ?»

«ደህና ነው አባባ።»

«ያቺን መለዋወጫ አገኛችኋት? ባለቤቴ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም። ሰኞ ጠዋት ነው የዓይን ቀዶ ጥገናዋ፤ ነገ በማለዳ ካልወጣን አንደርስም። ለዚች ቀጠሮ ስምንት ወር ነው የጠበቅነው።»

«ይደርሳል አባባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ።»

«ተባረኪ። እደጊ።»

ጫማው ሄደ። ሚጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ተመለሰችና ደነገጠች። አፏ ሰላምታ ሲመልስ ጣቶቿ አላረፉም ኖሯል። ቴስቲናዋ ሙሉ በሙሉ ተፈትታ መዳፏ ላይ ተቀምጣለች። ስንት ነበር? አሥራ አራት? አሥራ ስድስት? አሥራ ሰባት? ዘንጉ ላይ የነበረው የቆሻሻ መስመር እስከ የት ገብታ እንደነበር ሊነግራት ይችል ነበር፤ እሱንም ጠዋት «ንጹሕ ሥራ ልሥራ» ብላ በብረት ብሩሽ ፈትጋ አብለጭልጫዋለች። ጉብዝናዋ ጉድ ሠራት።

«ሚጣ! ስንት መጣ?» ስትል አክስቷ ከግቢው ወዲያ ማዶ ጮኸች። ራሷን የጭነት መኪና ኮፈን ውስጥ ቀብራለች፤ የሚታየው ወገቧና የቱታዋ ኪስ ብቻ ነው።

«አሥራ አምስት!»

ቁጥሩ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው ውሸት መሆኑ የገባት።

ሌላ ቀን ቢሆን «አክስቴ፣ ጠፋብኝ» ትላት ነበር። አክስቷ ጥቂት ትቆጣለች፣ ከዚያ አብረው ያስተካክሉታል፣ ያልቃል። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። አባቷ ፋርማሲስት ነው፤ አንዲት ክኒን አዛብቶ የማያውቅ ሰው። በሒሳብ ውጤቷ መቀነስ ጋራዡን ከወነጀለ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሐሙስ ማታ ከታላቅ እህቱ፣ ከአክስቷ ጋር ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፦ ሚጣ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን ትሥራ። የአክስቷ እጅ ሳይገባበት በደንብ ከተጠናቀቀ ከትምህርት ቤት በኋላ ጋራዥ መሥራቷን ትቀጥላለች። ካልሆነ ከሰኞ ጀምሮ ማጠናከሪያ ትምህርት ትገባለች፣ ጋራዡም በዚያው ያበቃል።

ለሚጣ ከጋራዡ መባረር ቀልድ አይደለም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ ኃይልና ስለ ማዕዘን ሲያስረዱ እንቅልፏ ይመጣል፤ እዚህ ያንኑ ነገር በእጇ ስትይዘው ይገባታል። እዚህ ጎበዝ ናት። ይህንን አጥታ ምን ልትሆን ነው? አዲሷን ቴስቲና አነሳችና ከንፈሯን ነክሳ አሥራ አምስት ዙር አስገባቻት። ዳዶውን አጠበቀች። «ምናልባት ልክ ይሆናል» አለች ለራሷ።

አልሆነም። ምሳ በልተው መኪናዋን ከክሪኩ ካወረዱ በኋላ ቀጮ እስከ መንገዱ ጥግ ነድቷት ተመለሰ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወር ያልሞላው ቢሆንም በአነጋገሩ አርባ ዓመት የነዳ ይመስላል። ገና ከመኪናዋ ሳይወርድ መሳቅ ጀመረ።

«ሚጣዬ፣ መሪሽ አንገቱን ሰብሯል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ እሱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ያያል።»

«ቁጥሩ ጠፍቶብኝ ነው» አለች ሚጣ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ሰላም አሉኝ።»

የቀጮ ሳቅ ቆመ። ስምምነቱን ያውቃል። አፉ ቢፈጥንም የአጎቱን ልጅ ይወዳታል፤ እሷ ከሄደች ከማን ጋር ይቀልዳል? ወደ እናቱ ገልመጥ አደረገና ወደ ሚጣ ጠጋ አለ።

«ስሚኝ። አሁን ሲባጎ ወጥረሽ፣ ጎማውን ለክተሽ፣ ፈትተሽ እስክትገጥሚ ሰውዬው ይመጣሉ፣ እማዬም ትነቃብናለች። መሪውን አውልቀን አንድ ጥርስ ወደ ግራ አዙረን እንግጠመው። አሥር ደቂቃ! ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ማንም አያውቅም።»

«ጎማውስ?»

«ጎማ አፍ የለው!»

ሚጣ የሚለውን አሳምራ ታውቃለች። የመሪው እምብርት ውስጡ ጥርስ ጥርስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዘንግም እንዲሁ። አውልቀህ አንድ ጥርስ አሳልፈህ ብትገጥመው መሪው የተስተካከለ ይመስላል። ጎማዎቹ ግን እንደተጣሉ ይቀራሉ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ጎን እየጎተተ። በአጭር መንገድ አይታወቅም። በረጅም መንገድ ጎማውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ከዚያም የባሰ አለ። አክስቷ ይህን ዘዴ «የሰነፍ ሜካፕ» ትለዋለች።

ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል ሆኗል። አባቷ ሐሙስ ማታ እጁን አጣጥፎ የተናገረው ትዝ አላት።

«ቶሎ በል እሺ» አለች።

ቀጮ የክላክሱን ክዳን በካቻቪቴ ፈልቅቆ አነሳ፣ ዳዶውን ፈታ፣ መሪውን ግራ ቀኝ ወዝውዞ ነቀለው። አንድ ጥርስ። ከዚያ ቁልፉን ለሚጣ ሰጣትና «ሥራው ያንቺ ነው፤ አንቺ አጥብቂው» አላት። አጠበቀችው።

አክስቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጥታ ተሳፈረች። የጭነት መኪናው ባለቤት እየጠበቃት ስለነበር ሩቅ አልሄደችም፤ እስከ ጥጉ ነዳ አድርጋ ተመለሰች። ከመኪናዋ ስትወርድ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቷል።

«ቀጥ! እንደ ማስመሪያ!» አለችና የሚጣን ግንባር ሳመችው። «ድሮም አውቃለሁ እኮ!» እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣች። «ወንድሜ፣ ልጅህ ጉድ አሰኝታናለች! እጄን ላስገባ ቀርቶ አጠገቧም አልደረስኩ። ... አዎ፣ ብቻዋን። ... ተው እንጂ፣ ቃል እኮ ቃል ነው!» ስልኩን ዘግታ ዞረች። «ትቀጥል ብሏል!»

ቀጮ ጨፈረ። ሚጣ ፈገግ አለች። ይህን ቃል ለሁለት ሳምንት ስትመኘው ነበር፤ አሁን ሲመጣ ለሌላ ልጅ የተነገረ መሰላት።

አክስቷ ወደ ጭነት መኪናዋ ተመለሰች። ቀጮ ውኃ ሊጠጣ ገባ። ሚጣ ብቻዋን ስትቀር ከግድግዳው ላይ የሲባጎውን ጥቅል አነሳች። ልቤ እንዲያርፍ ብቻ ነው፣ አለች። ግራውን የፊት ጎማ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ከዚያ በቀኝ በኩል የሲባጎውን ጫፍ ከኋላ ጎማ ላይ አስራ እስከ ፊት ወጠረችውና ተንበረከከች። የፊት ጎማው ፊተኛና ኋለኛ ጠርዝ ሁለቱም እኩል ሲባጎውን መንካት ነበረባቸው። ፊተኛው ነክቷል። በኋለኛው ጠርዝና በሲባጎው መካከል ግን ሙሉ ጣቷ ገባ። አውጥታ ደግማ አስገባችው፤ ያው ነው። ልቧ አላረፈም።

የግቢው በር ሲንኳኳ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። ፖስተኛው ባለቤታቸውን ክንድ ለክንድ ይዘው ገቡ። ሴትየዋ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ በእግራቸው መሬቱን እየዳሰሱ ነው የሚራመዱት።

«ይቺ ናት የሠራችው» አሉ ፖስተኛው።

«እስቲ እጅሽን» አሉ ሴትየዋ። ሚጣ ግራሶ የነካውን እጇን ልትደብቅ ፈለገች፤ ደርሰውባት ያዙት። በጣታቸው መዳፏን ዳበሱ። «ሴት ልጅ ናት የሠራችው ሲለኝ ደስ አለኝ፣ ልዋሽሽ አልችልም። እኔ መንገድ ፈሪ ነኝ። አሁን ደግሞ ከፊቴ ምን እንዳለ አላይም፤ እሱ ሲነዳ እኔ ቁጭ ብዬ የመኪናዋን ድምፅ ነው የምሰማው። አየሻት አይደል በደንብ?»

ሚጣ አፏን ከፈተች። «አዎ እማማ» ማለት በጣም ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ቅድምም የዋሸችው ሁለት ቃል ነበር።

አክስቷ የመኪናዋን ቁልፍ ለፖስተኛው እየዘረጋች ነው።

«አባባ፣ አይውሰዷት» አለች ሚጣ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «መኪናዋ አላለቀችም።»

«ምን አልሽ?» አለች አክስቷ።

«ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አሥራ አምስት ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ስንት እንደነበር አላውቅም። መሪው ሲጣመም አንድ ጥርስ አሳልፈን ገጠምነው። ዳዶውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ጎማው ጣት ያህል ወጥቷል፤ አሁን ለካሁት።»

ቀጮ በሩ ላይ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አክስቷ ፊቷ ቀላ፤ ቁልፉን በጡጫዋ ጨበጠችው። ሚጣ ጩኸት ጠበቀች። ቢጮህባት በተሻላት ነበር።

«ይህንን መኪና ነድቼ ቀጥ ነው አልኩ» አለች አክስቷ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ሲባጎ ሳልወጥር። እኔም ችኩል ነኝ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ወደ ባልና ሚስቱ ዞረች። «ይቅርታ አድርጉልን። ይመሽባችኋል፣ ግን ዛሬ ይወጣል።»

«እኛ ነገ ነው የምንሄደው» አሉ ሴትየዋ። «ወንበር ካላችሁ እጠብቃለሁ።»

ወንበር መጣ። አክስቷ ግን የቱታዋን እጅጌ አልሰበሰበችም፣ ቁልፍ አላነሳችም። ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ብብቷ ሥር ወሸቀቻቸው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት። «ፍቺ።»

«አንቺ አታሳይኝም?»

«ሥራው የማን ነው?»

ሚጣ ሌላ አልጠየቀችም። በመጀመሪያ መሪውን ነቀለችና ወደ ትክክለኛ ጥርሱ መለሰችው። ተመልሶ ዘንበል አለ፤ ማስጠላቱን አስጠላ፣ ቢያንስ ግን አይዋሽም። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርጋ አሰረችውና ከመኪናዋ ሥር ገባች። ዳዶው አልላላ አላት፤ ቅድም በንዴት ነበር ያጠበቀችው። በሁለት እጇ ስትገፋው ቁልፉ አመለጠና ጣቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ ደም ወጣ። «ወይኔ!» ብላ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ደግማ ገፋችው። ላላ።

አንድ ዙር አወጣች። ሲባጎ። አሁንም ሰፊ ነው። ቀጮ ሳይጠራ መጥቶ ክሪኩን ያነሳል፣ ያወርዳል፤ አንዲት ቀልድ አልወጣውም። ፖስተኛው ኮታቸውን አውልቀው የሲባጎውን ጫፍ ከኋላ ጎማ ላይ ይዘው ተንበርክከዋል፤ ለዓመታት ጥቅል ሲያስሩ የኖሩ እጆች ስለሆኑ ሲባጎው ቀጥ ብሎ ይቆምላቸዋል። ሌላ ዙር። ሲባጎ። ጠበበ። ሩብ ዙር። አለፈ፤ ወዲያ ማዶ ሄደ። ሚጣ ግንባሯን በክንዷ ጠረገችና ግማሹን መለሰችው። ክርኗ ቆስሏል፣ አንገቷ ተቆልምሟል፣ ጸጉሯ ውስጥ ዝገት ረግፏል። ማቆም ግን አልታሰባትም። ይህቺ መኪና ከዚህ ግቢ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ሌላው ነገር በኋላ ይታያል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሲባጎው ሁለቱንም ጠርዝ እኩል ነካ። ጣቷን ለማስገባት ሞከረች። ወረቀት እንኳ አይገባም። ለማረጋገጥ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ለካችና ዳዶውን አጠበቀች።

አሁን አክስቷ ተነሳች። መኪናዋን አስነስታ ከጥጉ አልፋ ሄደች፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ። ሚጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ስትመለስ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሁለት እጇን ከመሪው አንስታ በመስኮቱ አሳየቻት፤ ሰማያዊዋ መኪና ወዲያም ወዲህም ሳትል መጣች። አክስቷ ወርዳ ቁልፉን ለፖስተኛው ሰጠች። የሚጣን ግንባር አልሳመችም፣ ጎበዝም አላለቻትም። «መልካም መንገድ» አለች ብቻ።

ሴትየዋ ሲሳፈሩ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ። ሚጣ ያዘችላቸው።

«ዛሬስ እንቅልፌን እተኛለሁ» አሉ ሴትየዋ። ሄዱ።

ግቢው ውስጥ ሦስቱ ቀሩ። አክስቷ ሲባጎውን ጠቅልላ ስትጨርስ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«እንግዲህ» አለች። «ከአባትሽ ጋር የተስማማነው የእኔ እጅ ካልገባበት ነው። አልገባም፤ ሰው ሁሉ አይቷል። መኪናዋም ቀጥ ብላለች። ቅድም የነገርኩት አሁን እውነት ሆኗል ማለት ነው። እኔ ደውዬ የምጨምረው ነገር የለም። አንቺስ?»

«በቃ እኮ!» አለ ቀጮ፣ ምላሱ ተመልሶለት። «ምን ያስፈልጋል? አለቀ፣ ደቀቀ! ዝም ነው!»

ሚጣ የተጠቀለለ ጣቷን አየች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ትመጣለች፣ ቱታዋን ትለብሳለች፣ ከመኪና ሥር ትገባለች። አባቷ ከተናደደ ግን ሰኞ በዚህ ሰዓት ማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ ናት። አባቷ ደግሞ ይናደዳል፤ ታውቀዋለች።

እጇን ዘረጋች። አክስቷ ስልኩን ሰጠቻት።

«እህቴ?» አለ አባቷ ከወዲያ በኩል።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ ጎበዝ! አንድ ደቂቃ ጠብቂኝ፣ ሰው እያስተናገድኩ ነው። ወይስ ቤት ስትመጪ እናወራለን?»

ቀጮ ከፊቷ ቆሞ በእጁ «ዝጊው፣ ዝጊው» ይላታል። ሚጣ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እጠብቃለሁ» አለች።

በስልኩ ውስጥ የሰው ድምፅ፣ የመሳቢያ መከፈትና መዘጋት ይሰማል። አባቷ ለአንድ ሰው «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» እያለ ያስረዳል። ደቂቃው ረዘመ። ሚጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ጠበቀች።

«እሺ፣ መጣሁ» አለ አባቷ። «ንገሪኝ።»

«ቅድም አክስቴ ደውላ የነገረችህ ልክ አልነበረም አባዬ» አለች ሚጣ። «እሷ አላወቀችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።»